ሥጋ ደዌና የሰውነታችን ዘበኞች

በካምፑ ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም የቀረበ ንግግር
ዝግጅት፦ ናኪቩቦ፣ ካምፓላ

ፕሮግራሙ በሬዲዮ ላመለጣችሁና ደግማችሁ ማንበብ ለምትፈልጉ ንግግሩን እንደሚከተለው በጽሑፍ አቅርበነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

የዛሬው ርዕሳችን ሥጋ ደዌ ነው። እኛ የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት ስንዞር ስለዚህ በሽታ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይቀርብልናል። «አንድ ቤት ውስጥ አብረው እየበሉ፣ አብረው እየተኙ፣ በሽታው አንዱን ይዞ ሌላውን ለምን ይተዋል?» ይላሉ እናቶች። ጥያቄው የቆየ ነው። መልስ ሲያጡለት አንዳንዱ እርግማን ነው አለ፣ አንዳንዱ በዘር የሚወርድ ነው አለ፣ አንዳንዱም ፊቱን አዞረ። ትክክለኛው መልስ ግን በቆዳችንና በደማችን ውስጥ ካሉት ዘበኞች ዘንድ የሚገኝ ነው። መልሱን ፍለጋ ከተደረገው ጥረት ከፊሉ የተከናወነው በአዲስ አበባና እዚሁ በዩጋንዳ ስለሆነ ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በመሆኑም ከታሪኩ ተነሥተን ወደ ምክሩ እንሄዳለን።

ማግለል መድኃኒት በነበረበት ዘመን

በአገራችን ሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅና ከመንገድ ዳር ሆኖ መለመን ዕጣው እንደነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ስሙም ራሱ ስድብ ነበር። በአሮጌ መጻሕፍት ደግሞ ለምጽና ሥጋ ደዌ ተደባልቀው ስለሚገኙ ለምጽ ብቻ ያለበት ሰው እንኳ ያለ በደሉ ይገለል ነበር።

ለሕሙማን መጠለያ መሥራት የተጀመረው ቀስ በቀስ ነው። በሐረር በ1901 አንድ የካቶሊክ ካህን የሥጋ ደዌ መንደር አቋቋሙ። በ1930ዎቹ በአዲስ አበባ ዳርቻ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራው ሆስፒታል ተከፈተ። ዛሬም አካባቢው «ዘነበወርቅ» ይባላል። በዩጋንዳም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ዶክተር ሊዮናርድ ሻርፕ በ1931 በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ በቡንዮኒ ሐይቅ መካከል ባለችው በብዋማ ደሴት ላይ የሕሙማን መንደር መሠረቱ። ሰዎቹ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ሕሙማኑን ይመግቡ፣ ቁስላቸውን ያጥቡ ነበር። ይሁን እንጂ በእጃቸው የሚያድን መድኃኒት ስላልነበረ ከማግለል በላይ ብዙ ማድረግ አልቻሉም።

የበሽታው ምክንያት ግን ከዚያ በፊት ታውቆ ነበር። በ1873 ጌርሐርድ አርማወር ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም በበርገን ከተማ ከሕሙማን እባጭ ላይ በወሰደው ናሙና ውስጥ ቀጫጭን ዘንግ የመሰሉ ጀርሞች በማይክሮስኮፕ አየ። ሥጋ ደዌ እርግማንም የዘር ውርስም ሳይሆን በጀርም የሚመጣ መሆኑ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ጀርሙ ከታወቀ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። ጀርሙ ለሁሉም የሚደርስ ከሆነ ሁሉንም ለምን አያሳምምም? ይህንን ለመረዳት ሰውነታችን ጀርምን እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሥራ፦ መያዝና መዋጥ

በ1882 ኤልያ ሜችኒኮፍ የተባለ ተመራማሪ በጣሊያን አገር በመሲና ከተማ የባሕር ኮከብ የሚባለውን እንስሳ ጫጩት ይመረምር ነበር። ጫጩቱ እንደ መስታወት በብርሃን የሚታይ ስለሆነ ውስጡ ያለው ሁሉ ይታያል። ሜችኒኮፍ የጽጌረዳ እሾህ ወስዶ ወጋው። በማግስቱ ጠዋት ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን እንደ ንብ ከበውታል። ከዚህ ተነሥቶ ሰውነት ውስጥ ባዕድ ነገርን ከብበው የሚውጡ ሕዋሳት እንዳሉ አስተማረ። በ1908 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

እነዚህ ዋጮች ማክሮፌጅ ይባላሉ፤ «ትልቅ በላተኛ» እንደ ማለት ነው። በቆዳችን፣ በሳምባችን፣ በጉበታችን ውስጥ ይገኛሉ። እሾህ ሲወጋን ቦታው የሚያብጠውና መግል የሚይዘው በአብዛኛው ዋጭ ሕዋሳት ለሥራ ስለሚሰበሰቡ ነው።

ሌሎችም ዘበኞች አሉ። በ1868 ፖል ላንገርሐንስ የተባለ የሕክምና ተማሪ በበርሊን ቆዳን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ቅርንጫፍ እንዳለው ዛፍ የተዘረጉ ሕዋሳት አገኘ። ነርቭ መሰሉት። ሥራቸው ምን እንደሆነ በትክክል ሳይታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በ1973 ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን በኒውዮርክ ተመሳሳይ ቅርንጫፋም ሕዋሳትን ከአይጥ ጣፊያ ለይተው አወጡ፤ ዴንድሪቲክ ሕዋስ ብለውም ጠሯቸው። ውሎ አድሮ የላንገርሐንስ ሕዋሳትም ሥራ ከእነዚህ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ታወቀ፤ ጀርምን ይዞ፣ ተሸክሞ፣ ለሌሎች ማሳየት። ስታይንማን ለዚህ ሥራው በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ዜናው ሲነገር ግን እሱ ካረፈ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር።

ሁለተኛው ሥራ፦ ተሸክሞ ማድረስ

ዴንድሪቲክ ሕዋስ የያዘውን ይዞ ወዴት ይሄዳል? ለዚህ ከካምፑ ወደ ካምፓላ ወርዳችሁ የምታውቁ ሁሉ ያያችሁትን ነገር ምሳሌ ላድርግ። በናኪቩቦ ስታዲየምና በኦዊኖ ገበያ አጠገብ የሚያልፈውን ትልቁን ቦይ ታስታውሱታላችሁ። የከተማውን ጎርፍና ቆሻሻ ውሃ ሰብስቦ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይወርዳል። ነገር ግን በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ የናኪቩቦ ረግረግ ይቀበለዋል። እዚያ ደንገል አለ፤ በጣና ሐይቅ ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል። ደንገሉና ጭቃው ከቆሻሻው ብዙውን ይዘው ያስቀራሉ። ከካምፓላ የመጠጥ ውሃ መቅጃዎች አንዱ የሆነው ጋባ የሚገኘው በዚሁ ሐይቅ ዳር ስለሆነ ረግረጉ በተጎዳ ቁጥር ውሃውን ማጣራት ይከብዳል።

በሰውነታችንም ከደም ሥር ሌላ እንዲህ ያሉ ቀጫጭን ቦዮች አሉ። የሊምፍ ቦዮች ይባላሉ። በየመንገዳቸውም እንደ ረግረጉ የሚያጣሩ ትናንሽ እጢዎች አሏቸው። በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ይገኛሉ። እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ የሚወጣው ንፍፊት የዚህ እጢ ማበጥ ነው። ብዙ ሰው ንፍፊትን እንደ ሌላ በሽታ ይቆጥረዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙውን ጊዜ ዘበኞቹ ሥራ ላይ መሆናቸውን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ዴንድሪቲክ ሕዋስ ከቆዳ ላይ ጀርሙን ይዞ በዚህ ቦይ ወደ እጢው ይሄዳል። በእጢው ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት በብዛት ይጠብቁታል። በአገራችን ቀድሞ ሌባ ሲጠፋ የመንደሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ እንደነበረ ሰምታችሁ ይሆናል። እጢውም እንደዚያ ነው። ዴንድሪቲክ ሕዋስ ማስረጃውን ይዞ ይቆማል፤ ቲ ሴሎች አንድ በአንድ እያለፉ ያያሉ፤ «ይህንን እኔ አውቀዋለሁ» የሚለው እስኪገኝ ድረስ። የሚያውቀው ሲገኝ በፍጥነት ይራባል፤ አንዱ ብዙ ሺህ ይሆንና ወደ ቁስሉ ይሰማራል።

ሦስተኛው ሥራ፦ ፈጭቶ ማሳየት

እዚህ ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። ቲ ሴል ሙሉውን ጀርም ቢያይ አያውቀውም። ጀርሙ መጀመሪያ መፈጨት አለበት። ዘበኛው ጀርሙን ከዋጠ በኋላ በውስጡ ባለች ከረጢት ያስገባዋል፤ ከረጢቷ እንደ ጨጓራ አሲድ ትይዛለች፤ በዚያም ጀርሙ ይቆራረጣል። ከተቆራረጠው ውስጥ ትንሿ ቁራሽ በልዩ ሳህን ላይ ትቀመጥና ወደ ሕዋሱ ውጫዊ ገጽ ወጥታ ትታያለች። ሰውነት «ይህ የኔ አይደለም» ብሎ የሚለይበት እንዲህ ያለው የባዕድ ነገር ምልክት አንቲጅን ይባላል።

ይህ እንዴት ታወቀ? ሁላችንም በምናውቀው መድኃኒት በኩል ጭምር ነው። ኩባ የተወለደው ኤሚል ኡናኑዌና ባልደረባው ዚግለር በ1982 በቤተ ሙከራ ማክሮፌጆች ላይ ክሎሮኪን ጨመሩ። ክሎሮኪን ለወባ ስንውጠው የኖርነው መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ የከረጢቷን አሲድ ያዳክማል። ማክሮፌጆቹ ጀርሙን ውጠዋል፤ ነገር ግን መፍጨት ስለተሳናቸው ለቲ ሴል በሚገባ ማሳየት አልቻሉም። መዋጥና ማሳየት የተለያዩ ሥራዎች እንደሆኑና በመካከላቸው መፍጨት እንዳለ ከዚህ ግልጽ ሆነ።

ሳህኑም ታሪክ አለው። በ1974 ሮልፍ ዚንከርናገልና ፒተር ዶኸርቲ በአውስትራሊያ ቲ ሴል ባዕዱን ነገር የሚያውቀው በራሱ ሰውነት ሳህን ላይ ሲቀርብለት ብቻ መሆኑን አሳዩ። በ1996 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በ1987 ደግሞ ፓሜላ ብዮርክማንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ የሳህኑን ቅርጽ አወጡ፤ መካከሉ ቁራሹ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ አለው። ይህ ሳህን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከእናትና ከአባትም ይወረሳል። አንዳንዱ ሳህን የአንዱን ጀርም ቁራሽ በደንብ ይይዛል፤ ሌላው አይዝም። ስለሆነም የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን የሳህኑ ዓይነት ነው። ለእናቶቹ ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው። ይሁን እንጂ ሳህን ብቻውን አይወስንም፤ ከሕመምተኛው ጋር የኖሩበት ጊዜ ርዝመትና የሰውየው አቅምም ድርሻ አላቸው።

በአዲስ አበባ የተገኘው

አሁን ወደ ዘነበወርቅ እንመለስ። በ1965 በሆስፒታሉ ግቢ አለርት ተቋቋመ። ከመላው አፍሪካ የሚመጡ የጤና ባለሙያዎች ስለ ሥጋ ደዌ የሚሠለጥኑበት ማዕከል ነበር። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት እዚያው ግቢ የምርምር ተቋም ተከፈተ። ስሙም ጀርሙን ባገኘው ሐኪም ስም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተባለ።

በተቋሙ ቀደም ብለው ከሠሩት አንዱ ቶሬ ጎዳል የተባለው የኖርዌይ ሐኪም ነው። እሱና ባልደረቦቹ ከሰዎች ደም ነጭ ሕዋሳትን ለይተው ከሥጋ ደዌ ጀርም ጋር በብልቃጥ ያቆዩአቸው ነበር። ጀርሙን የሚያውቁ ቲ ሴሎች ካሉ ይራባሉ፤ ከሌሉ ዝም ይላሉ። ውጤቱ በሽታው ለምን ሁለት መልክ እንዳለው ለመረዳት ረዳ። ቆዳቸው ላይ አንድ ወይም ጥቂት የደነዘዙ ነጠብጣቦች ብቻ ያሏቸው ሕሙማን ሕዋሶቻቸው ጀርሙን ሲያዩ ይነቃሉ። ሰውነታቸው በእባጭ የተሞላውና ጀርሙ በብዛት የሚገኝባቸው ሕሙማን ግን ቲ ሴሎቻቸው ለሌላ ጀርም እየነቁ ለሥጋ ደዌው ጀርም ብቻ ዝም ይላሉ። ጀርሙ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ያለው በአውጫጭኙ ላይ «አውቀዋለሁ» ባይ በመገኘቱና ባለመገኘቱ ነው።

በ1973 ጎዳልና ባልደረባው ነጋሲ ያወጡት ጽሑፍ ከዚህ ይበልጥ እኛን ይመለከታል። ምርመራው የተደረገው በሕሙማን ላይ ብቻ አልነበረም። ከሕሙማን ጋር አብረው የሚኖሩና የሚሠሩ ጤነኞችም ተመረመሩ። ከአንድ ዓመት በላይ ከሕሙማን ጋር ከቆዩት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቲ ሴሎቻቸው ጀርሙን ያውቁት ነበር። ይህ ማለት ጀርሙ ገብቶባቸዋል፣ ዘበኞቹም ይዘው፣ ፈጭተው፣ አሳይተው አሸንፈውታል፤ ሰዎቹ ግን አንድ ቀን እንኳ አልታመሙም፣ መታገላቸውንም አላወቁም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህንን ደግማችሁ እንድታስቡት እንጠይቃለን። ሥጋ ደዌ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ መተላለፉን አንክድም። ነገር ግን ከመቶ ሰው ዘጠና አምስት ያህሉ ጀርሙ ቢደርስበትም በራሱ አቅም ይከላከለዋል። ከታመመ ጎረቤት ጋር ሰላምታ የተለዋወጠ፣ ከአንድ ትሪ የጎረሰ ሁሉ ይያዛል የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

የተዋጠው ጀርም ሳይፈጭ ሲቀር

ታዲያ ጥቂቶቹ ለምን ይታመማሉ? የሥጋ ደዌ ጀርም ከሌሎቹ ይለያል። ልብሱ ሰም አዘል ነው። ማክሮፌጅ ሲውጠው አይጨነቅም፤ እንዲያውም መኖሪያው ያደርገዋል። አሲዱና መፍጫው ወደ ከረጢቱ እንዳይደርሱበት ያግዳል። ቲ ሴል መጥቶ «ግደል» የሚል ትእዛዝ የያዘ ኬሚካል ካልለቀቀለት ማክሮፌጁ የዋጠውን ይዞ ይቀመጣል። ጀርሙም በውስጡ ይራባል። በከባድ ሕሙማን ቆዳ ላይ አንድ ማክሮፌጅ ጀርም ታጭቆበት አረፋ የተሞላ መስሎ ይታያል። ዘበኛው ራሱ ለሌባው መጠለያ ሆነ ማለት ነው።

ጀርሙ ደግሞ አይቸኩልም። ሌሎች ጀርሞች በደቂቃዎች ሲራቡ እሱ አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሰው ጀርሙ ከያዘው በኋላ ምልክት እስኪያይ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ሊሆነው ይችላል። ብዙ ሰው ከየት እንደያዘው የማያውቀው ለዚህ ነው። ስለሆነም «ከካምፑ ነው ያመጣኸው»፣ «ከእነ እገሌ ቤት ነው» ብሎ መካሰስ ከንቱ ነው።

ጀርሙ ከማክሮፌጅ ሌላ የሚወደው ቦታ ነርቭን የሸፈነውን ሕዋስ ነው። ነርቭ ሲጎዳ እጅና እግር ይደነዝዛሉ። የደነዘዘ እጅ ትኩስ ድስት ሲይዝ አያውቅም፣ የደነዘዘ እግር እሾህ ሲወጋው አይሰማውም። ጣት የሚጎድለው ያልታወቀ ቁስል ተደጋግሞ አጥንቱን ስለሚጎዳው ነው። ሥጋ ደዌ ጣት «ይበላል» የሚባለው ስሕተት ነው። በጊዜ የታከመ ሰው ጣቱን አያጣም።

የዩጋንዳ ልጆችና የቢሲጂ ክትባት

ሰውነት ጀርሙን ለይቶ ካወቀ የሚያሸንፈው ከሆነ፣ ጀርሙ ከመምጣቱ በፊት ማስተማር አይቻልምን? ለዚህ ጥያቄ ትልቅ መልስ የተገኘው በዩጋንዳ ነው። በ1960 ዶክተር ኪኒር ብራውንና ባልደረቦቻቸው በምሥራቅ ዩጋንዳ በቴሶ ምድር የሥጋ ደዌ ሕሙማን ዘመድ የሆኑ ልጆችን መከታተል ጀመሩ። ገሚሶቹ የቢሲጂ ክትባት ተሰጣቸው፤ ገሚሶቹ አልተሰጣቸውም። ቢሲጂ በፈረንሳይ አገር ካልሜትና ጌራን ለሳምባ ነቀርሳ የሠሩት ክትባት ሲሆን ለሰው መሰጠት የጀመረው በ1921 ነው። ልጆቹን ከዓመታት በኋላ ሲመረምሯቸው ከተከተቡት መካከል በሥጋ ደዌ የተያዙት ካልተከተቡት ጋር ሲነጻጸሩ በሰማንያ ከመቶ ያህል ያነሱ ሆነው ተገኙ። በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶች የተገኘው ጥቅም ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ቢሲጂ ሥጋ ደዌንም እንደሚከላከል ተረጋግጧል።

የሳምባ ነቀርሳ ክትባት ለሥጋ ደዌ እንዴት ይጠቅማል? ሁለቱ ጀርሞች ዘመዳሞች ናቸው። ተፈጭተው ቁራሻቸው ሳህን ላይ ሲቀመጥ ብዙው ይመሳሰላል። የቢሲጂን ቁራሽ ያየ ቲ ሴል የሥጋ ደዌውም ሲመጣ ያውቀዋል።

በቋንቋችን ከተበ ማለት ጻፈ ማለትም ነው። ክታብና ክትባት ከዚሁ ቃል ወጥተዋል። ክትባትም በእርግጥ ጽሕፈት ነው። በሕፃኑ ክንድ ላይ የሚቀረው ትንሽ ጠባሳ ከላይ የሚታየው ምልክት ሲሆን ዋናው ጽሑፍ ያለው በቲ ሴሎቹ ትዝታ ላይ ነው። እናቶች ሆይ፣ አዲስ የተወለደ ልጃችሁን ቢሲጂ ሳታስከትቡ አትቆዩ።

መድኃኒቱ ተገኘ

ለታመመውም ሰው መድኃኒት መጣለት። በ1940ዎቹ ዳፕሶንና የእሱ ዘመድ የሆኑ መድኃኒቶች መሥራታቸው ታወቀ። ነገር ግን ዳፕሶን ብቻውን ለብዙ ዓመት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይወሰድ ስለነበረ ጀርሙ ተላመደው። በ1970ዎቹ አለርት ከነበሩ ሐኪሞች የወጡ ጥናቶች መድኃኒቱን የተላመደ ጀርም በአዲስ አበባ ሕሙማን ዘንድ መኖሩን አሳይተው ዓለምን አስጠነቀቁ። ከዚህ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ1981 ተሰብስበው መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን መከሩ።

ዛሬ የሚሰጡት ሦስት መድኃኒቶች ናቸው፤ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን። ጥቂት ምልክት ላለበት ስድስት ወር፣ ብዙ ምልክት ላለበት አሥራ ሁለት ወር ይወሰዳሉ። ከ1995 ጀምሮ መድኃኒቱ ለሁሉም አገር ሕመምተኛ በነፃ ይታደላል። ሕክምናውን የጀመረ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽታውን ወደ ሌላ ማስተላለፍ ያቆማል። ስለሆነም የማግለል ዘመን አብቅቷል፤ የቡንዮኒ ሐይቅ ደሴትም ዛሬ የሥጋ ደዌ መንደር አይደለችም።

ምን እናድርግ?

እስካሁን የተረክነውን ታሪክ ያነሣነው ለዚህ ክፍል ነው። የሚከተሉትን ምልክቶች በራሳችሁ ወይም በቤተሰባችሁ ላይ ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ።

- ከቀረው ቆዳ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነካ የማይሰማ ነጠብጣብ፤
- የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ፣ መቆርጠም ወይም መዛል፤
- ሕመም የሌለው ቁስል ወይም የቃጠሎ ጠባሳ፤
- የጆሮ ለምቦጭ ወይም የፊት ማበጥና ማበጣበጥ፣ የቅንድብ መርገፍ፤
- ዐይንን ሙሉ በሙሉ መክደን አለመቻል።

ቆዳ ላይ የወጣ ሁሉ ሥጋ ደዌ አይደለም። ቋቁቻ፣ ጭርትና ለምጽ አያደነዝዙም። ሠራተኛው በጥጥ ጫፍ ነክቶ ይለየዋል፤ አያምም፣ ብዙ ጊዜም አይወስድም።

ሕክምና የጀመራችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። መድኃኒቱ ጀርሙን ሲገድል ቁራሹ በብዛት ይለቀቃል፤ የተኙት ዘበኞች በአንድ ጊዜ ይነቃሉ። በዚህ ጊዜ ነጠብጣቡ ድንገት ሊቀላና ሊያብጥ፣ ነርቭም ሊያም ይችላል። ይህ «ሪአክሽን» ይባላል። መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብላችሁ አታቋርጡ። በዚያው ቀን ኑ። ነርቭ የሚጎዳው በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ስለሆነ እብጠቱን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ይሰጣችኋል። እጃችሁና እግራችሁ የደነዘዘ ከሆነ በየማታው ተመልከቷቸው፣ በውሃ ዘፍዝፏቸው፣ ቅባት ቀቧቸው፤ ድስት በጨርቅ ያዙ፤ ባዶ እግራችሁን አትሂዱ።

በሕመምተኛ ቤት የምትኖሩ ቤተሰቦችም ለምርመራ ኑ። ጤነኛ ለሆኑት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ መከላከያ ሪፋምፒሲን ባለሙያው አይቶ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ብዙዎች የሚፈሩትን እናውቃለን። «ስሜ ከተመዘገበ የሦስተኛ አገር ጉዞዬ ይበላሻል»፣ «ልጄን የሚያገባ ይጠፋል» ይላሉ። ምልክቱ ግን በረጅም እጅጌ ተሸፍኖ አይቀርም። ዛሬ በጥጥ ጫፍ የሚታወቀው ነጠብጣብ ከሁለት ዓመት በኋላ የታጠፈ ጣት ሆኖ ለሁሉም ይታያል። በጊዜ የታከመ ሰው ላይ ግን የሚታይ ነገር ላይቀር ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች። ሰውነታችን እንኳ ጀርሙን የሚያሸንፈው ይዞ፣ አውጥቶ፣ በአደባባይ አሳይቶ ነው፤ የሚሸነፈውም ውጦ ሲደብቀው ነው። እኛም ያየነውን አውጥተን እናሳይ፤ የታመመውንም ጎረቤታችንን ከቡና ማዕዳችን አናርቀው።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ጥያቄ ያላችሁ ለየሰፈራችሁ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ንገሩ፤ በሚቀጥለው ፕሮግራም መልስ ይዘን እንቀርባለን።